ሰሊጥ ያልረገፈበት ሂላ

የእርሻ አስተማሪው ኢሳ ሞቶ የተገኘው ራሱ ባቆመው ሂላ ውስጥ ነበር። ቆለኛ ሂላ የሚለው፣ የታጨደው የሰሊጥ ነዶ እርስ በርሱ ተደጋግፎ እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ የሚቆምበትን ክምር ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ የሣር ጎጆ ይመስላል። ዓርብ ማለዳ ረዳቱ ሙሉአለም ከሽንፋ ገበያ ተመልሶ እርሻውን ሲዞር፣ ከሂላዎቹ አንዱ ወገቡ ሰፋ ብሎ ታየው። ነዶውን ገለጥ ቢያደርግ መምህሩ ጋቢውን ተከናንቦ ቁጭ ብሏል። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ተሰንጥቆ ደሙ ጋቢው ላይ ደርቋል።

ጣሊያን መተማን ከያዘ ሁለት ክረምት አልፎ፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። ኢሳ የመተማ ነጋዴ ልጅ ነው። የወጣትነት ዕድሜውን ሱዳን፣ የጥጥ እርሻ ላይ ፈጅቶ፣ ገበሬን አዲስ አሠራር እንዴት እንደሚያለማምዱት እዚያ ተምሮ መጣ። ጣሊያኖች ይህን ሰሙና በዚህች የወንዝ ዳር መንደር የማሳያ እርሻ እንዲያቋቁም አዘዙት። እምቢ የሚልበት አቅም አልነበረውም፤ ሥራውን ግን ከልቡ ይወደው ነበር። ሰሊጥ በመስመር ይዘራል፣ የታችኛው ፍሬ ቢጫ ማለት ሲጀምር ሳይከፈት ይታጨዳል፣ አንገቱ ታስሮ ይቆማል እያለ ከቤት ቤት ዞረ። ገበሬው አዳምጦ አዳምጦ «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» እያለ ሸኘው። ኢሳ አልተቀየመም። ገበሬ የሚማረው በዓይኑ እንጂ በጆሮው አይደለም፤ ሰሊጤ ሲቆም ያዩታል ይል ነበር።

ረፋዱ ላይ የጣሊያን ምሽግ ሹምባሽ፣ የአገሬው ተወላጅ ወታደሮች አለቃ፣ ወታደሮቹን አስከትሎ ደረሰ። የእሱ ምርመራ ብዙም አልፈጀም። በእርሻው ጠርዝ ባለው የድንበር ድንጋይ ላይ ደም አየ። ድንጋዩ የማን ድንበር ነው ሲል የአዛናው ነው አሉት፤ የማሳያው እርሻ ከአዛናው መሬት ተቆርጦ የተወሰደ መሆኑንም ነገሩት። አዛናው በሰኔ «እዚህ መሬት ላይ ሬሳ እንጂ ሰሊጥ አይበቅልም» ብሎ ሲፎክር የሰማም አልጠፋ። ሹምባሹ አዛናውን የኋሊት አሳሰረውና መንደሩ ዳር ካለው ዋርካ ሥር አስቀመጠው። የጣሊያኑ ካፒቴን እሑድ እርሻውን ሊጎበኝ ይመጣል፤ ሲመጣ ገዳዩን ይጠይቃል፤ እስከዚያ ሌላ ሰው ካልተገኘ በዚሁ ዋርካ ላይ የሚሰቀለው አዛናው ነው አለ።

ሽማግሌዎቹ አውጫጭኝ ይሁንልን ብለው ለመኑ። በአውጫጭኝ ወግ፣ ደም የፈሰሰበት መንደር ወንድ ሴት ሳይል አንድ ቦታ ይዘጋል። ያየ ለዳኛው ይናገራል፣ ያላየ ይምላል፣ ገዳዩ ሳይለይ ማንም አይወጣም። ሹምባሹ መዝጋቱን ወደደው። መንደሩን እንዳለ ዘሪባ በሚባል በእሾህ የታጠረ የከብት በረት ውስጥ አስገባና በሩን ዘጋው።

ጭንቁ ሰሊጡ ነበር። የገበሬው ሁሉ ማሳ በዚያ ሳምንት ለአጨዳ ደርሷል። ሰሊጥ ደግሞ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም፤ በጊዜው ካላጨዱት አፉን ይከፍትና ነፋስ በነካው ቁጥር ፍሬውን መሬት ያስበላል። ሰዎቹ በእሾሁ መካከል አሻግረው የየራሳቸውን ማሳ ያያሉ። የዓመት ቀለባቸው እዚያ ቆሟል፤ እነሱ እዚህ ተቀምጠዋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በተነሣ ቁጥር ዘሪባው ውስጥ ወሬ ይቋረጥና ሁሉም ጆሮውን ወደ ማሳው ይጥላል። እንዲህ ያለውን መታሰር ሰንሰለት አይተካከለውም።

ለዳኝነት አለነን መረጡት። ደጋ ሳለ ስንቱን አውጫጭኝ የመራ፣ ጣሊያን ጎንደር ሲገባ አገሩን ጥሎ ቆላ የወረደ ሰው ነው። ቆላም በንዳድ ተቀበለችው፤ እኩለ ቀን ላይ ሰው ጥላ ሲሻማ እሱ ቡልኮ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። «ከእኔ የተረፈው ዓይንና ጥርጣሬ ነው» ይል ነበር። ዓይኑን ሰው ያደንቅለታል፤ ጥርጣሬውን ግን የሚወድለት የለም።

አለነ ከሁሉ በፊት ሂላውን ልይ አለ። ሬሳውን ትቶ መሬቱን ሲያይ ቢቆይ ሹምባሹ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ምን ጠፋብህ፣ አንተ ሽማግሌ?»

«ሰሊጥ» አለ አለነ።

አጠገቡ ያለውን ሌላ ሂላ በጣቱ ነካ ቢያደርገው ፍሬው ዝርግፍ አለ። እንዲህ የደረቀ ሂላ ተከፍቶ፣ ሰው ገብቶበት፣ ተመልሶ ሲዘጋ መሬቱ በሰሊጥ መንጣት ነበረበት። እዚህ ግን ከጥቁር አፈር በቀር ምንም የለም። የሬሳውን ሂላ ነዶ አንሥቶ ቢያራግፈው ደግሞ አንዲት ፍሬ አልወጣውም፤ ባዶ ነው። ከሟቹ እግር ሥር አንገቷ የታሰረ ስልቻ አለች፤ ፈትቶ ቢያይ አፈርም ገለባም ያልነካው ንጹሕ ሰሊጥ ሞልቶባታል።

ሬሳው ለትጥበት ሲገለጥ ጋቢውን ተቀብሎ እጥፋቱን ዘረጋው። እዚያም ሰሊጥ አለ። ገሚሱ በደረቀው ደም ሥር ተጣብቋል። አለነ አንዱን ፍሬ በጥፍሩ ፈልቅቆ አየና ጋቢውን አጣጠፈው።

የኢሳ እኅት ሰዓዲያ ወንድሟ ከተቀበረ በኋላ ዘሪባው በር ላይ ቆማ አለነን ጠበቀችው። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ለኢሳ ምሳውን አድርሳለት ነበር፤ ብቻውን ነበር፣ ጤነኛም ነበር። አለነ ስለ ጋቢው ጠየቃት፤ ለሰው ያውስ እንደሆነ።

«ለእኔም አያውሰኝ፣ አባቴ። እናታችን የፈተለችው ነው። አፈር ላይ የሚያነጥፈው ለተማሪ ሲያሳይ ብቻ ነው። የምሳሳለትን ነገር ሳነጥፍ ሲያዩ ሥራው ቁም ነገር መሆኑን ያውቃሉ ይለኝ ነበር።»

ከዚያ ጨመረች። «አዛናው ከሆነ ይሙት። ካልሆነ ግን በወንድሜ ስም ያልገደለ ሰው አይሰቀል። እሱም አይወድም።»

ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ መንደሩ ባዶ ነበር። ሰው ሁሉ ምሎ ተናግሮ ሲያበቃ፣ ከኢሳ ጋር ነገር ያላቸው ወይም እርሻው አጠገብ የነበሩ አራት ወንዶች ቀሩ። አለነ አንድ በአንድ ጠራቸው።

አዛናው እንደ ታሰረ ዋርካው ሥር አነጋገረው። መሬቴን ወስዶብኛል፣ ጠልቼዋለሁ፣ ፎክሬአለሁ፣ አልገደልሁትም አለ። ሐሙስ ከጓሮዬ አልወጣሁም ሲልም ምስክሩ ሚስቱ አሰበች ብቻ ናት። የሚስት ምስክርነት የት እንደሚያደርስ ሁለቱም ያውቁት ስለነበር ነገሩን አላራዘሙትም።

ነጋዴው በሽር ሰዓዲያን ሊያገባ ፈልጎ ኢሳ ከልክሎታል። እሱም አልደበቀውም። ወላሂ ተቀይሜው ነበር፣ ግን ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ አህዮቼን ነድቼ ከሙሉአለም ጋር ሽንፋ ወረድሁ፤ አብረን አድረን አብረን ተመለስን አለ። አለነም ሁለት ሰው እርስ በርሱ ሲመሰካከር እንደ አንድ ሰው እንደሚቆጥረው ነግሮ አሰናበተው።

ሙሉአለም ዓይኑ አብጦ መጣ። የመምህሩን ቦታ የሚወርሰው እሱ መሆኑ ዘሪባው ውስጥ ከተዘጉ ጀምሮ ሲወራ ውሏል።

«ቦታውን ምን ላድርገው? ምኑንም ሳልማር ነው የሞተብኝ» አለ።

«መጨረሻ ያስተማረህ ምን ነበር?»

«ማራገፉን ነዋ። ሂላው የደረቀው ገና ሐሙስ ጧት ነው። እኛ ወትሮ ፈትተን በክንዳችን ታቅፈን ወደ አውድማ እንወስደዋለን፤ እኩሌታው መንገድ ላይ ይቀራል። እሱ አውድማውን ወደ ሰሊጡ ውሰደው አለኝ። ጋቢውን በእግሩ ጣት ገፋ ገፋ አድርጎ ከነዶው ሥር አስገባው። ማሰሪያውን ሳይፈታ ነዶውን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አስደገፈው። ከዚያ ጋቢው ላይ ቁልቁል ደፋና ሥሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። አንዲት ፍሬ አልባከነችም። ያራገፈውም ያችን አንድ ነዶ ብቻ ነው።»

«አንተስ ለሌላ ሰው አሳየህ?»

«ለማን? ያን ለት ገበያ ወረድሁ፤ ስመለስ ሬሳውን አገኘሁ፤ ከዚያ እዚህ ተዘጋሁ።»

አራተኛው አያ እንግዳው ናቸው። የመንደሩ አንጋፋ ገበሬ፣ ከደጋ ወርደው ጫካውን መጀመሪያ የመነጠሩ፣ የአዛናውም አበልጅ ናቸው፤ የአዛናውን የበኵር ልጅ ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው። ማሳቸው ከማሳያው እርሻ ጋር ይዋሰናል። በኢሳ ትምህርት ላይ እንደሳቸው የቀለደ ሰው አልነበረም፤ ሰሊጥ በገመድ ተለክቶ ሲዘራ ባዩ ጊዜ፣ ይህ ሰው ሰሊጡን ሊዳረው ነው ወይ ብለው መንደሩን አስቀውታል። ዓርብ ግን ቀልዳቸው ጠፍቶ ነበር። አለነ ሐሙስን የት እንደዋሉ ጠየቃቸው።

«ማሳየ ላይ። አጨዳው ደርሶ የለም?»

«ወደ ኢሳ አልሄዱም?»

«ከዘራበት ቀን ወዲህ እዚያ እርሻ ረግጨ አላውቅም። ምን ልሠራ? አባቴ ያላስተማረኝን ያ ልጅ ያስተምረኛል?»

አለነ ይህንንም ያስምሏቸው ዘንድ ሽማግሌዎቹን ጠየቀ። አያ እንግዳው ማሉ።

ቅዳሜ ጧት ነፋሱ ገና በማለዳ ተነሣ። አሰበች ከዘሪባው ውስጥ እየጮኸች መጥታ የአለነን ቡልኮ ያዘች። ጓሮዋ ውስጥ ቀድሞ የደረሰ ትንሽ ሰሊጥ አጭደው አቁመው ነበር፤ ደርቋል፤ ነፋሱ እያወደመው ነው። «ባሌ ታስሮ፣ እኔ ተዘግቼ፣ ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው?» አለችው።

አለነ አዘነላት። እዚያው ላይ ሆኖም ሌላ ነገር አሰበ፤ ያሰበውንም አልወደደውም። የሴትን ልጅ ዕንባ ወጥመድ ማድረግ የዳኛ ወግ አይደለም። ግን እሑድ ነገ ነው። ሹምባሹ ዘንድ ሄዶ፣ ጥቂት ሰዎች በወታደር ተጠብቀው የሴትዮዋን ሰሊጥ እንዲሰበስቡላት፣ አዛናውም ለዚያ ያህል እጁ እንዲፈታ ለመነ። ሹምባሹ እየተነጫነጨ ፈቀደ።

በሽርን፣ ሙሉአለምን፣ አያ እንግዳውንና ሌሎች ሁለት ገበሬዎችን ይዞ ወረደ። ሙሉአለምን ግን ከአጠገቡ አስቀምጦ በዓይኑ ዝም በል አለው። ራሱ ቡልኮውን ደርቦ ሥራውን መመልከት ጀመረ።

አዛናው መጀመሪያ ገባ። እጁ ከገመዱ ደንዝዞ ስለነበር ሂላውን ፈትቶ ገና ሲያቅፈው ሰሊጡ ክንዱ ሥር እንደ ውሃ ወረደ። ሁለቱ ገበሬዎችም እንደ ወትሮው እያቀፉ ወደ አውድማው ሲያመላልሱ መንገዱ ነጣ። በሽር የነጋዴ እጁን ይዞ ቆሞ ቀረ። አሰበች ከኋላቸው እየሄደች የወደቀውን ከአፈር ጋር በእፍኟ ትለቅማለች፤ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። አያ እንግዳው ትንሽ እንደ ማመንታት ብለው አዩአት።

«ተዉ እናንተ፣ ልቀቁት» አሉና ጋቢያቸውን አወለቁ።

ከዚያ በኋላ አንድም ፍሬ አልወደቀ። ሥራው ሲያልቅ አሰበች ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። እሳቸው ግን ፊታቸውን አዙረው ጋቢያቸውን ለረጅም ጊዜ ያራግፉ ነበር። አለነ ሕመም የተሰማው ሰው መስሎ ዓይኑን ጨፈነ።

እኩለ ቀን ላይ መንደሩ ሁሉ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። አዛናው እንደገና ታስሯል፤ ሹምባሹ ወንበር አስመጥቶ ተቀምጧል፤ ሰዓዲያ ከሴቶቹ ፊት ቆማለች። አለነ መቆም አቅቶት ግንዱን ተደግፎ ጀመረ።

«ይህን ነገር የሠራው ሌባ አይደለም። ስልቻ ሙሉ ሰሊጥ ሟቹ እግር ሥር ትቶ ሄዷል። ከሩቅ የመጣ ወይም እርሻ የማያውቅ ሰውም አይደለም፤ እሱ ቢሆን ሂላውን እንደ ጭድ በርግዶ ሬሳውን ጥሎ ይሄድ ነበር። ይህ ሰው ግን ነዶውን አንድ በአንድ አንሥቶ መልሶ አንድ በአንድ አቆመ። መሬቱ ላይ አንዲት ፍሬ የለችም። ሂላው መጀመሪያውኑ በሥርዓቱ ተራግፎ፣ ሰሊጡ ጋቢ ላይ ወርዶ፣ ስልቻ ገብቶ ነበር። ጋቢው የኢሳ የራሱ ነው።»

«ከሞተ በኋላ ገዳዩ አውልቆት ቢሆንስ?» አለ ሹምባሹ።

«እሱን እኔም አስቤው ነበር። ግን ሰሊጡ ያለው ከደሙ ሥር ነው። ሰሊጡ ቀድሟል፣ ደሙ ተከትሏል። ስለዚህ ኢሳ በሕይወት ሳለ ጋቢውን አነጠፈ። ሰዓዲያ እንደነገረችኝ ለተማሪ ካልሆነ አያነጥፈውም። ወደሱ የመጣው ሰው ሊማር የመጣ ነው፤ ቢያንስ ኢሳ እንደዚያ መስሎታል።»

ዓይን ሁሉ ወደ ሙሉአለም ዞረ። አለነ እጁን አነሣ። «ሙሉአለም ትምህርቱን ጧት ጨርሷል፤ ያኔ የተራገፈችውም አንዲት ነዶ ናት፣ ሂላው በሙሉ አይደለም። እኩለ ቀን ላይ እሱና በሽር ሽንፋ ወርደው ያደሩት ገበያው ላይ ጠላ በምትሸጠው በአየሁሽ ቤት ነው። አየሁሽ ይችው አለች፤ እሷም፣ እዚያ ያመሸው ገበያተኛም ምስክር ነው። ኢሳ ደግሞ ከዚያ በኋላ ምሳ በልቷል።»

«እንግዲያው ይኸው ነዋ!» ሹምባሹ ወደ አዛናው ጠቆመ።

«አዛናው ዛሬ የገዛ ሰሊጡን ሲያፈስ አይተነዋል።»

«አንገቱን ለማዳን ሰሊጡን ያፍሳል።»

«ልክ ነህ፣ ያፍሳል» አለ አለነ። «ስለዚህ አዛናው ባለማወቁ ነፃ አላወጣውም። ነፃ የሚያወጣው ሌላ ሰው ማወቁ ነው። ይህን አሠራር ኢሳ መጀመሪያ ያሳየው ሐሙስ ጧት፣ ለሙሉአለም ብቻ ነው። ሙሉአለም ለማንም አላሳየም። እንግዲህ ከሙሉአለም ሌላ የሚያውቀው ሰው ቢኖር፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ከኢሳ እጅ የተማረው ነው።»

ወደ አያ እንግዳው ዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገው።

«አያ እንግዳው፣ ዛሬ ጧት የአሰበችን ነዶ ማሰሪያውን ሳይፈቱ ደረትዎ ላይ አስደገፉት። ጋቢዎን በእግር ጣትዎ ገፋ ገፋ አድርገው አስገቡት። ይህን ማን አሳየዎ?»

ነፋሱ ከማሳው በኩል መጣ፤ በዚያች ሰዓት ግን ስለ ሰሊጡ ያሰበ ሰው የለም። አያ እንግዳው ቀና አሉ።

«እሱ ነው ያሳየኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ አልደበቁም። ከምሽጉ አስተርጓሚ አንድ ወሬ ሰምተው ነበር። ካፒቴኑ የሚመጣው የመሬቱን ፍሬ ለማየት ነው፤ ሰሊጡ ካማረ የወንዙ ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ ከባሕር ማዶ ለሚመጡ ሰፋሪዎች ይሰጣል፤ መንደሩ ይነሣል። ጫካውን በእጃቸው የመነጠሩት ሰው ይህን ሰምተው እንቅልፍ አጡ። ሐሙስ ሰው ገበያ ሲወርድ፣ ሂላዎቹን አወዛውዘው ሰሊጡን መሬት ሊያስበሉ ሄዱ። ኢሳ ሲመጡ አያቸው።

«ልማር የመጣሁ መሰለው» አሉ አያ እንግዳው። «አያ እንግዳው መጡልኝ ብሎ ተነሣ። ምን እንደምለው ጠፋኝ። ጋቢውን አንጥፎ አሳየኝ፤ ያንን ሂላ አንድ ሁለት ነዶ እሱ፣ የቀረውን እኔ አራገፍን። እጄን ይዞ ነው ያስተማረኝ። ሲያልቅ የመጣሁበትን ነገርሁት። ሁሉንም እንበትነው አልሁት። እምቢ አለ። ገበሬው የሚያምነኝ ይህን ሲያይ ነው፣ አንቱ እንኳ አምነው የለም ወይ አለኝ። ልፈታው ወደ ሁለተኛው ሂላ ስሄድ ያዘኝ፤ ገፋሁት፤ ጋቢውን ደርቦ ነበር፤ ድንጋዩ ላይ በጀርባው ወደቀ።»

ሬሳውን ሂላ ውስጥ ያስገቡት ጅብ እንዳይበላው ነው። ሰሊጡን እንዳላፈሰሱ እንኳ ልብ አላሉትም ነበር፤ እጃቸው በተማረው ሄደ።

ሰዓዲያ ቀረብ አለች። ሰው ሁሉ ትረግማቸዋለች ብሎ ጠበቀ።

«ሲመጡ ሲያይ ደስ ብሎት ነበር?»

«ደስ ብሎት ነበር፣ ልጄ» አሉ አያ እንግዳው። ያን ጊዜ ነው ድምፃቸው የተሰበረው። እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች።

አዛናው ግን የጠየቀው ሌላ ነው። «አንቱ አበልጄ ነዎ። ከትናንት ጀምሮ ታስሬ ሲያዩኝ ዝም ያሉት ለምንድን ነው?»

«ለእሑድ ልደርስልህ ነበር። በእግዜር ስም፣ አልተውህም ነበር። ሰሊጤን… ዓርብና ቅዳሜ ሰሊጤን አጭጄ፣ የልጆቼን ቀለብ አስገብቼ፣ ከዚያ እጄን ልሰጥ ነበር። ዘሪባው ተዘጋብኝ።»

«በሰሊጥ ለወጡኝ?» አለ አዛናው።

ከተሰበሰበው ገበሬ መካከል በአያ እንግዳው የፈረደ አልነበረም። ሁለት ቀን በእሾህ ውስጥ ሆኖ ማሳውን ሲያይ የሰነበተ ሰው፣ ያ ሐሳብ በእሱም ልብ ሊገባ ይችል እንደነበር ያውቃል፤ ማወቁም አሳፈረው።

ገመዱ ከአዛናው እጅ ተፈትቶ ወደ አያ እንግዳው እጅ ዞረ። ዘሪባው ተከፈተ፤ ሰውም ማጭዱን ለማንሣት ተሯሯጠ። ሹምባሹ ሙሉአለምን ጠርቶ የፈረሰውን ሂላ አቁም አለው፤ ካፒቴኑ እርሻው ጎድሎ እንዳያየው። ሙሉአለም ባዶውን ነዶ መልሶ አስደገፈው።

አያ እንግዳው ዋርካው ሥር ታስረው ይህን ያዩ ነበር። ሂላውን አዩት፤ ከጎኑ ያሉትንም አዩ። ከዚያ አለነን ጠሩት።

«አለነ፣ የትኛው ነው ባዶው?»

አለነ አሻግሮ አየ። ባዶው ከሙሉዎቹ አይለይም ነበር። ጥቂት ጊዜ ምን ሊሉት እንደፈለጉ አልገባውም፤ ሲገባው ግን ንዳዱ የተመለሰበት መሰለው።

«አራግፎ ማቆም ነበራ» አሉ አያ እንግዳው። «ሰሊጡን ወደ ቤት፣ አገዳውን ለጣሊያን። እሱው ራሱ አሳይቶኝ፣ እጄ ላይ አስቀምጦልኝ… እኔ ግን መበተን ብቻ ነው የታየኝ። ብጠይቀው እሺ ይል ነበር። ሰሊጡ እስካልባከነ ድረስ እሺ ይል ነበር።»

አለነ ወደ ሹምባሹ ሄዶ፣ ሰዎቹ እርሻውን ለጉብኝቱ ያሰናዱ ዘንድ ፈቃድ ጠየቀ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ገበሬው ማጭዱን አስቀምጦ ጋቢውን ይዞ ማሳያው እርሻ ገባ። ሙሉአለም አሳየ። ኢሳ ከቤት ቤት ዞሮ ያልሆነለት ሆነ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደሩ ሁሉ ነዶ ደረቱ ላይ ማስደገፍ ለመደ። አዛናውም አብሮ ሠራ፤ ወደ ዋርካው ግን ዞሮ አላየም። ሹምባሹ የገበሬ ልጅ ነበር፤ ነገሩ ይግባው አይግባው አልታወቀም። ዝም አይነቅዝም እንዲሉ፣ ዝም ብሎ ሲመለከት ዋለ።

እሑድ ካፒቴኑ በመኪና መጣ። ሂላዎቹ በመስመር ቆመዋል። አንዱን አወዛወዘ፣ ምንም አልወጣውም። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን አወዛወዘ። አንዱን ነዶ ነቅሎ ጓንቱ ላይ መታው። ለአስተርጓሚው የተናገረው ሁሉም ሰው የሚሰማው ነበር፤ መሬቱ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም፣ የሞተ መሬት ነው፣ ለሰፋሪ አይሆንም አለ፤ ጓንቱን አራግፎ ወደ መኪናው ተመለሰ።

አያ እንግዳውን ወደ ምሽጉ ሊወስዷቸው ከኋላ ጫኗቸው። መኪናው ሲነሣ ፊታቸውን ወደ ባዶዎቹ ሂላዎች አዙረው ያለቅሱ ነበር። ወታደሮቹ ሞትን የፈሩ መሰላቸው።